ከየትም የሚከፈት ጠረጴዛ፦ የወይዘሪት ናጽነት ፍረዝጊ የሕይወት ታሪክ

«ጥሩዬ፣ ልጅሽ ኮምፒውተር እንኳ የላትም፤ ታዲያ ቀኑን ሙሉ የምትሠራው ምንድን ነው?»

ይህን የጠየቀቻት በናይሮቢ ሁርሊንግሃም ሰፈር ባለ ምግብ ቤት አብራት የምትሠራው ኣባዲት ነበረች፤ ጊዜውም 2009 ዓ.ም. ነው። የተጠየቀችው የናጽነት እናት ወይዘሮ ጥሩወርቅ ናት። እሷም ትጠረጥር ነበር። ዛሬ በልጇ አስከሬን ፊት የሚነበበውን ይህን ጽሑፍ የጻፈችው እሷው ናት። ልጇን አንቱ ማለት አልለመደችም፤ ለክብራቸው ግን እንዲህ ይጻፋል።

ወይዘሪት ናጽነት ከአባታቸው ከአቶ ፍረዝጊ ሃብተኣብ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ጥሩወርቅ አለኸኝ ሰኔ 14 ቀን 1983 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተወለዱ። በ1991 ዓ.ም. በኢትዮጵያና በኤርትራ ጦርነት ምክንያት ቤተሰቡ ወደ ናይሮቢ መጣ። አቶ ፍረዝጊ በኢምባካሲ አንድ የጭነት መጋዘን ውስጥ ተቀጠሩ፤ በ1999 ዓ.ም. እስካረፉ ድረስም እዚያው ሠሩ። ናጽነት የአንደኛና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በዚያው ሰፈር ተከታተሉ። ስዋሂሊውን ከቤተሰቡ ቀድመው የለመዱት እሳቸው ስለነበሩ፣ የመኖሪያ ወረቀት ለማሳደስ ሲኬድ በትምህርት ቤት ዩኒፎርማቸው ቆመው ለወላጆቻቸው ያስተረጉሙ ነበር። በ2006 ዓ.ም. በኮምፒውተር ሳይንስ በዲግሪ ተመረቁ።

በ2009 ዓ.ም. መጀመሪያ ማታቱ በሚባለው የናይሮቢ ታክሲ ውስጥ ተቀምጠው ሳለ ላፕቶፓቸውን በመስኮት ተነጠቁ። ሥራቸው ሁሉ አብሮት ሄደ። ሌላ አልገዙም። «ከእንግዲህ ሥራዬን ሰው ነጥቆ በሚሮጥበት ዕቃ ላይ አላስቀምጥም» አሉ። ከዚያ በኋላ ባዶ እጃቸውን ወጥተው ባዶ እጃቸውን ይመለሱ ነበር፤ አንድ ቀን ኢንተርኔት ካፌ፣ ሌላ ቀን የሰው ቢሮ ይውላሉ። እናታቸው ወንድ አለ ብላ ጠረጠረች። እውነትም ወንድ ነበር፦ ጆኒ የሚባል ኬንያዊ፣ የዩኒቨርሲቲ ጓደኛቸው።

ሁለቱ የሚሠሩት ሜዛን ነበር። ሜዛ በስዋሂሊ ጠረጴዛ ማለት ነው። ሰው በማንኛውም ኮምፒውተር ብሮውዘር ከፍቶ በስሙና በይለፍ ቃሉ ሲገባ የራሱን ጠረጴዛ ያገኛል። ፋይሎቹ፣ መጻፊያው፣ ሒሳብ መሥሪያው፣ ከፍቶ የተዋቸው መስኮቶች ሳይቀሩ እንደነበሩ ይጠብቁታል። ሲወጣ በዚያ ኮምፒውተር ላይ ምንም አይቀርም። እናታቸውን ያስፈራት ይኸው ነበር፤ ዱካ የማይተው ሥራ ምን ዓይነት ሥራ ነው?

በ2012 ዓ.ም. የቤተ ክርስቲያናችን ልጅ ሳምራዊት ለሜዛ ደንበኛ ለማፈላለግ ሥራው ውስጥ ገባች። እናታቸው የኛ ሰው አለችበት ብላ ትንሽ ተረጋጋች።

በ2014 ዓ.ም. በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ለእናቶች የፊደል ትምህርት ተከፈተ። የተሰጡት ኮምፒውተሮች ያረጁ ነበሩ፤ ብሮውዘር መክፈት ግን አላቃታቸውም። ናጽነት ለሜዛ ፊደል የሚያስጽፍና ድምፁን የሚያሰማ መተግበሪያ ሠሩ፤ ለእያንዳንዷ ተማሪም በስሟ ጠረጴዛ አዘጋጁ። ወይዘሮ ጥሩወርቅ ከተማሪዎቹ አንዷ ነበረች።

ጥቂት ቆይቶ ችግር መጣ። ወይዘሮ ጥሩወርቅ የጻፈችው ይጠፋል፤ የከፈተችው ይዘጋል። አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በምግብ ቤቱ ኮምፒውተር ላይ እጇን ሳታሳርፍ ፊደሎች በራሳቸው ሲጻፉ አየች። «ያ ልጅ ውስጥ ገብቶ ያየኛል» አለች፤ ጆኒን ማለቷ ነበር። ናጽነት ስህተት ፈለጉ፤ አላገኙም። በእናታቸው ስም ከብዙ ሰፈር እንደሚገባ ግን አዩ። ሁሉንም ጠረጴዛ የሚከፍተው ቁልፍ፣ ማለትም ዋናው የይለፍ ቃል፣ ከእሳቸው ሌላ በጆኒ እጅ ብቻ ነበር። ስለዚህ ቁልፉን ወሰዱበት። ጆኒ በስዋሂሊ «ሳዋ»፣ እሺ፣ ብሎ አስረከበ። ከሥራው ቢወጣም ቅዳሜ ቅዳሜ የአዳራሹን ኮምፒውተሮች ገመድ ማስተካከሉን አልተወም፤ እናታቸው ይህንንም ጠረጠረች።

አንድ ቅዳሜ ጆኒ ከተማሪዎቹ ኋላ ቆሞ ስክሪኖቹን ተራ በተራ አየና ሳቁ አመለጠው። «ማማ ናጽነት፣ ዛሬ ሰባት ሆነሻል እኮ!» አላት ወይዘሮ ጥሩወርቅን በተሰባበረ አማርኛው። በሁሉም ስክሪን ላይ የተጻፈው ስም ጥሩወርቅ ነበር። ሴቶቹ አብዛኞቹ በስደተኛ ወረቀት የሚኖሩ ናቸው፤ ስማቸውን ማሽን ውስጥ ማስገባት ፈሩ። ወይዘሮ ጥሩወርቅ ለኣባዲት ለአንድ ቀን ያዋሰቻት ይለፍ ቃል ከእጅ ወደ እጅ ዞሮ ሁሉም በአንድ ጠረጴዛ ተቀምጠው ነበር። አንዷ ስትጽፍ ሌላዋ «ይሄ ምን ቆሻሻ ነው» እያለች ታጠፋለች።

ኣባዲት ግን አላፈረችም። «ምን እናድርግ? የአንቺ እናት ስም ያለበትን ማን ይነካዋል ብለን ነው» አለቻቸው ናጽነትን።

ናጽነት አልተቆጡም። ጆኒን ይቅርታ ጠይቀው ቁልፉን መለሱለት። ከዚያም ሰው ስሙን ሳይጽፍ በመረጠው ሥዕል የሚገባበትን፣ ብዙ ሰዎችም ሳይጠፋፉ በአንድ ጠረጴዛ የሚሠሩበትን መንገድ አብረው ሠሩ። ኣባዲት ማንጎ መረጠች፤ ወይዘሮ ጥሩወርቅ የቁልፍ ሥዕል። ሜዛ በሌሎች የስደተኛ ትምህርት ቤቶችም የታወቀው በዚህ ነው።

በ2016 ዓ.ም. በናይሮቢ ጊጊሪ ሰፈር ያለ አንድ የእርዳታ ድርጅት ሜዛን ለመግዛት ጠየቀ፤ ነገር ግን ከየሥዕሉ ጀርባ ያለው ሰው ማን እንደሆነ እንዲመዘገብ ፈለገ። ሳምራዊት «ምን አለበት? ለእርዳታ ነው እኮ» አለች። ናጽነት «ሳይፈሩ እንዲቀመጡ ነው የሠራሁላቸው» ብለው እንቢ አሉ። ስለ ትዳር ሲጠየቁም «እማዬ፣ መጀመሪያ ይሄን መስኮት ልዝጋ» ይሉ ነበር፤ ትዳር ሳይመሠርቱ ቀሩ።

በ2017 ዓ.ም. የደም ካንሰር እንዳለባቸው ታወቀ። ሳምራዊት ሾርባ ይዛ ትመጣ ነበር። ጆኒ ደግሞ ከሆስፒታሉ ኮሪደር ተቀምጦ ይጽፍ ነበር። እናታቸው ሄዳ «ምንድን ነው የምትጽፈው?» አለችው። «ናጽ ያዘዘችኝን» አላት። ምን እንዳዘዙት አልነገራትም። እሷም ቁልፉ ወደ ማን እንደሚሄድ እያሰበች እንቅልፍ አልነበራትም፤ የዚያ ሁሉ ሴት ጠረጴዛ የሚከፈተው በዚያ ቁልፍ ነውና።

ወይዘሪት ናጽነት በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ጥቅምት 19 ቀን 2018 ዓ.ም. በተወለዱ በ34 ዓመታቸው ዐረፉ። እናታቸውንና ወንድማቸውን ኢዮኤልን፣ ፊደል ያስቆጠሯቸውንም እናቶች ትተው ሄደዋል። እያንዳንዱን ሰው ሳይመዘግብ በስሙ የሚያውቅ አምላክ ነፍሳቸውን ፍርሃት በሌለበት ያሳርፍልን።

ኣባዲት ወደ ካምፓላ ሄዳለች፤ ከዚያም ሆና በማንጎዋ ትገባለች። ሳምራዊት ባለፈው ነሐሴ እዚያው ጊጊሪ ባለው ድርጅት ተቀጥራ ሄደች። ቁልፉ፣ ናጽነት እንዳዘዙት፣ በጆኒ እጅ ነው፤ ማንም ስም አልተመዘገበም። እናታቸው አሁንም ዓይኗን ከእሱ ላይ አላነሳችም። ጆኒ ግን አልሄደም፤ ዛሬ አስከሬኑን ከተሸከሙት አንዱ እሱ ነው።