ባለቤቴን በፏፏቴ ስላወረደው አስጎብኚዎ

ለተከበሩ የሸለቆና የፏፏቴ አስጎብኚዎች ማኅበር ሰብሳቢ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ይህ ደብዳቤ እርስዎን በሙሉ ጤንነት፣ ገመዶችዎን ሳይበጠሱ፣ ወንበርዎንም ሳይነቃነቅ እንዲያገኝ ከልብ እመኛለሁ። የእኔን ጤና ለማወቅ ቢፈልጉ፣ ጉንፋኑ ለቆኛል፣ ጉልበቴም መታጠፍ ጀምሯል፤ የቀረው ሕመሜ ግን ሐኪም የሚያየው ዓይነት አይደለም።

ጉዳዩን በጋዜጣ አደባባይ ለመጻፍ የተገደድኩት ቢሮዎን ንቄ እንዳይመስልዎ። መጀመሪያ በአካል ቀርቤ አቤቱታዬን ለጸሐፊዎ ሰጥቻት ነበር። እሷም እስከ መጨረሻው አንብባ፣ እንባዋን በመሐረብ ጠርጋ፣ «ጋሼ፣ ይሄን በየትኛው ፋይል ላስገባው?» ብላ ስለጠየቀችኝ፣ ፋይል ለሌለው በደል ከአንባቢ የተሻለ ዳኛ የለም ብዬ ነው።

እኔ የመኪና መንዳት አስተማሪ ነኝ። ባለቤቴ ሆስፒታል ውስጥ ፋርማሲስት ናት፤ ቀኑን ሙሉ በአንዲት ጠባብ መስኮት መድኃኒት ስታቀብል ትውላለች። የራጅ ክፍሏ ባልደረባዋ በገመድ ፏፏቴ ስትወርድ የተነሳችውን ፎቶ ካሳየቻት ወዲህ፣ ባለቤቴ ዕቃ ስታጥብ እንኳ ከቧንቧው የሚወርደውን ውሃ በዝምታ ማየት ጀመረች። ስለዚህ ለጋብቻችን በዓል ጉዞውን ያቀድኩት እኔ ነኝ፤ እባክዎ ይህን ያስምሩበት። አውቶቡሱን የያዝኩ እኔ፣ ማደሪያውን የመረጥኩ እኔ፣ ዝናቡ ጋብ የሚልበትን ወር ያጠያየቅኩ እኔ፣ ወንዙ ድንገት ቢሞላ ምን እንደሚደረግ ማኅበርዎን በስልክ የነዘነዝኩ እኔ። ያልመረጥኩት አስጎብኚውን ብቻ ነው። እሱን እርስዎ መረጡልኝ፤ እግዜር ይስጥልኝ።

አንደኛው ቅሬታዬ ስለ አጠራር ነው። በጉዞው ዋዜማ፣ ባልደረቦቹ «ሸረሪት» የሚሉት ይህ አስጎብኚዎ የሸለቆውን ካርታ ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ ገለጻ ሲያደርግልን፣ እኔን «ጋሼ» እያለ ባለቤቴን «አንቺ» ይላት ነበር። በእኔና በእሷ መካከል ያለው የዕድሜ ልዩነት ከአንድ ክረምት አይበልጥም። «ጋሼ፣ እዚህ ጋ ውሃው ጠለቅ ይላል፤ ዋና ይችላሉ አይደል?» ሲለኝ፣ ባለቤቴ መልሴን ለመስማት ዞር ስላለች፣ «እንዴታ!» አልኩ። ከዚያ በኋላ ያለውን ገለጻ አልሰማሁም፤ ክንዱን እያየሁ ነበር። ክቡር ሰብሳቢ፣ ያ ክንድ የማኅበሩ ንብረት ከሆነ፣ እጅጌ ያለው የደንብ ልብስ ቢሰፋለት ምን ይመስልዎታል?

ሁለተኛው ስለ ፈተናው ነው። በማግስቱ ጠዋት፣ ቅጠሉ ጃንጥላ በሚያህልና ቆመው እንኳ በሚያልብዎ ጫካ ውስጥ አልፈን ወደ አንድ ኩሬ ደረስን። ወደ ገመዱ የሚሄድ ሰው ሁሉ ኩሬውን ተሻግሮ እንዲያሳይ ታዘዘ። ባለቤቴ ተሻገረች። ልጅ ሆና ወንዝ ዳር እንዳደገች አውቅ ነበር፤ ውሃ ውስጥ እንዲህ እንደምታምር ግን ማንም አልነገረኝም። እኔም ገባሁ፤ የሄድኩት ግን ወደ ታች ብቻ ነበር። አስጎብኚዎ በአንድ እጁ አወጣኝና፣ በማያውቁኝ ሰዎች ሁሉ ፊት፣ «ምንም አይደል ጋሼ። እርስዎ በእግረኛው መንገድ ወርደው ከታች ይጠብቁናል፤ ደረቅ ልብሳችንንም ይይዙልናል» አለኝ። ለዚህ አሳቢነቱ ያለኝ ምስጋና ወሰን የለውም። ባለቤቴ «እኔም ከሱ ጋር ልውረድ» ትላለች ብዬ ፊቷን አየሁ። እኔን አየችኝ፤ ገመዱን አየች። ከዚያ፣ «ፎጣዬ ከላይ ነው፤ እንዳይረጥብብኝ» ብላ ቦርሳዋን አቀበለችኝ።

ሦስተኛው አጭር ነው። ከመለያየታችን በፊት እንዳየሁት፣ ገመዱ የሚያያዝበት መታጠቂያ ከወገብ አልፎ ጭን ላይም እንደሚጠብቅ፣ ማኅበርዎ ለባሎች አስቀድሞ የማሳወቅ ግዴታ ያለበት ይመስለኛል። መፈተሽ ደንብ ነው ይሉኝ ይሆናል። እኔም ተማሪዎቼን ቀበቶ አሳስራለሁ፤ ነገር ግን ሳሳስር አላፏጭም።

አራተኛው እንቅልፍ የነሳኝ ነው። በጋብቻችን መጀመሪያ ባለቤቴን መኪና ላስተምራት ሞክሬ ነበር። «እመኚኝ፣ ፍሪሲዮኑን ቀስ ብለሽ ልቀቂ» ባልኳት ቁጥር ሞተሩን አጥፍታ፣ በሩን ከፍታ፣ በታክሲ ወደ ቤቷ ትሄድ ነበር። እንግዲህ ይህችው ሴት፣ ትናንት የተዋወቀችው ሰው ገደል አፋፍ ላይ አቁሟት «እመኚኝ፣ ወደ ኋላ ተጋደሚ» ቢላት ተጋደመች። ከታች ሆኜ አየኋት። ጀርባዋን ለባዶ አየር ሰጥታ፣ ቀይ ሄልሜቷን አድርጋ፣ እግሯን ዓለቱ ላይ እየተከለች ትወርዳለች። ውሃው በአጠገቧ ይጮሃል። እኔ የሰባት ሰው ልብስ ታቅፌ ቆሜያለሁ።

ግማሽ እንደወረደች ውሃው ውስጥ ገብታ ጠፋች። ጠበቅኩ፤ አልወጣችም። ገመዱ ብቻውን ይወዛወዛል፤ ላይ ያለው አስጎብኚዎ ደግሞ እንደ ልቡ ቆሞ ያያል። ከዚያ በኋላ ያደረግኩትን ሌሎች ናቸው የነገሩኝ። ስሟን እየጠራሁ፣ ቦርሳውን ሁሉ እንደታቀፍኩ፣ በጫማዬ ውሃው ውስጥ ገባሁ አሉ። እኔ የማስታውሰው ውሃው እግሬን ከሥሬ ሲወስደው፣ ጆሮዬ ሲደፈን፣ አሁንም እሷ እዚያ ውስጥ ናት ብዬ ሳስብ ነው። ቀጥሎ የማስታውሰው በዝናብ ልብሴ ቆብ ተንጠልጥዬ ስወጣ ነው። በገመድ ተንሸራቶ ወርዶ የደረሰልኝ ማን እንደሆነ አይጠይቁኝ። «አይዞዎት ጋሼ፣ ባለቤትዎ ደህና ናት» አለኝ። ባለቤትዎ! ይህን ቃል እንደሚያውቀው ያኔ ገና ሰማሁ።

ለካ ከፏፏቴው ጀርባ ወራጆች የሚያርፉበት ዋሻ መሳይ ቦታ አለ። ይህም በዋዜማው ገለጻ ላይ በግልጽ ተነግሯል አሉ፤ ክንዱን በማይበት ሰዓት መሆኑ ነው። ባለቤቴ የውሃውን መጋረጃ ሰንጥቃ ብቅ ስትል እየሳቀች ነበር። ክቡር ሆይ፣ እዚህ ላይ ጨዋታ የለኝም። ያንን ፊት ቤቴ ውስጥ ካየሁት ብዙ ዘመን ሆኖኛል። ከየት እንዳመጣችው አላውቅም፤ ከእኔ ዘንድ እንዳላመጣችው ግን እርግጠኛ ነኝ። መንገዱን ሁሉ ተጓዦቹ ልብሳቸውን እየጨመቁ፣ እኔ እያስነጠስኩ፣ እሷ ደግሞ በአውቶቡሱ መስኮት ወደ ውጭ እያየች ለብቻዋ ፈገግ እያለች ተመለስን።

አሁን ማቀዝቀዣችን በር ላይ ፎቶ ተለጥፏል፤ ከፎቶው ሲሶው ክንድ ነው። ባለቤቴም ለመጪው በጋ ረጅሙን ሸለቆ ለመውረድ ተመዝግባለች። ስለ አስጎብኚው ሳነሳባት፣ «አንተ ደግሞ! ሰውየው ሥራውን ነው የሠራው» ትለኛለች። እኔም የምፈራው እሱኑ ነው፤ ሥራውን አሳምሮ መሥራቱን።

ስለሆነም ልመናዬ ቀላል ነው። ለቀጣዩ ጉዞ በዕድሜ የገፋ፣ ሳል ቢጤ ያለበት፣ ሲስቅ አፉን በእጁ የሚሸፍን፣ ሴቱንም ወንዱንም እኩል «እርስዎ» የሚል አስጎብኚ ቢመደብልን። ማኅበርዎ እንዲህ ያለ ሰው ከሌለው አሠልጥኖ እስኪያወጣ ድረስ በትዕግሥት እጠብቃለሁ። የአሁኑም በደል አድርሶብኛል ለማለት አይደለም፤ በሕይወት የተመለስኩት በእርስዎ ሰው ነው። ይህን ውለታ ባይውልልኝ ኖሮ እንዴት ደስ እያለኝ በጠላሁት ነበር።

ጊዜዎን፣ ቅንነትዎንና የሰው ኃይል አመራረጥ ጥበብዎን በጥልቅ እያደነቅኩ፣ ለቤተሰብዎ ሰላምን፣ ለትዳርዎም ገመድ የማያውቁ ጎረቤቶችን እየተመኘሁ፣

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
በእግረኛው መንገድ የወረደው ደንበኛዎ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ክቡር ሰብሳቢ፣ ይህችን የምጨምረው ባለቤቱ ነኝ። ደብዳቤውን ለጋዜጣው ቢሮ አድርሺልኝ ብሎ ፖስታውን ሳያሽግ ሰጥቶኝ ነው። መታጠቂያዬን ያጠበቅኩት እኔው ራሴ ነኝ፤ ሰውየው በደንብ መጥበቁን ጎተት አድርጎ ነው ያየው። ከፏፏቴው ጀርባ ቆሜ ሳለ፣ በዚያ ሁሉ የውሃ ጩኸት መሃል ባሌ ስሜን ሲጠራ ሰማሁ። እቤት «ስሚ» ነው የሚለኝ፤ ስሜን የረሳው መስሎኝ ነበር። የሳቅኩት ለዚያ ነው። ስለዚህ አስጎብኚው እንዳይቀየርብን፤ ቦታም ለሁለት ሰው ይያዝልን። ባሌ ካለፈው ሳምንት ጀምሮ ዋና እየተማረ መሆኑን ሳይጠቅስ ቀርቷል። አስተማሪው ሴት ናት፤ ወጣት ናት፤ ቆንጆም ናት። እኔ ግን እስካሁን ለአለቃዋ ደብዳቤ አልጻፍኩም።