ለልጄ ያወጣሁለት ስም

ውድ ልጄ ዲና፣

ጤናሽን አልጠይቅም፤ መድኃኒት ቤት ያላት ሴት ስለ ጤና ከእኔ አብልጣ ታውቃለች። ልጅሽን ይዘሽ ሐረር እናትሽ ቤት እያደርሽ፣ ጠዋት ጠዋት በሚኒባስ እየመጣሽ ሱቁን እንደምትከፍቺ ረዳትሽ ኻድራ ነግራኛለች። ከሱቅሽ እስከ ቤታችን የአምስት ደቂቃ መንገድ ነው። አንድም ቀን ብቅ አላልሽም። ልክ ነሽ። ይኸው በሰባ ስምንት ዓመቴ አምስት ደቂቃ ለምትርቀኝ ምራቴ ደብዳቤ እጽፋለሁ። ከፈለግሽ ሳቂብኝ።

ስም ማውጣት እንደምወድ ታውቂያለሽ። ድሬ ላይ ሰው ሁለት ጊዜ ይሰየማል፤ አንዴ ወላጆቹ፣ አንዴ ሠፈሩ። መቃብር ድረስ የሚሸኘው ግን ሁለተኛው ነው። ምድር ባቡር ስሠራ የጣቢያውን ሹም ሳይቀር ሰይሜያለሁ። ባልሽን፣ የገዛ ልጄን ኃይለመለኮትን፣ «ሁዳዴ» ያልኩት የዛሬ ሦስት ዓመት መጋላ ገበያ፣ ዐብዲፈታሕ ሱቅ ጫት ላይ ተቀምጠን ነው።

ያኔ ዕቅዳችሁን ገና መጀመራችሁ ነበር። ቤቱ በመድኃኒት ቤቱ ገቢ ይተዳደራል፤ እሱ በትራንዚተርነት የሚያገኘው፣ ከአንቺ ሦስት እጥፍ የሆነው፣ ሳይነካ ይጠራቀምና የተከራየነውን ቤት ከአከራያችን ከወይዘሮ ተሻለች እንገዛለን። ሥጋ በሳምንት አንዴ፣ ልደት እቤት፣ መሄጃ በባጃጅ። ደግ ዕቅድ ነበር። ታዲያ የዚያን ቀን ሁሉም ጓደኛውን ጫት ሲጋብዝ የኔ ልጅ የራሱን እሽግ ብቻ ይዞ መጣ። አፌ አላስቻለኝም። «ይሄ ሰውዬ ደሞዙ ፋሲካ፣ ቤቱ ግን ዓመቱን ሙሉ ሁዳዴ!» አልኩ። ዐብዲፈታሕ የእኛን ጾም አይጾምም፤ ከሁሉ አብልጦ የሳቀው ግን እሱ ነው። ሳምንት ሳይሞላ የባጃጅ ሹፌሮች ሳይቀሩ «ሁዳዴ፣ ልውሰድህ?» ይሉት ጀመር።

አንቺ ለመንሽኝ። ሸሚዙን እየተኮስሽ ነበር።

«አባባ፣ ስሙን አንሳለት። እየጎዳው ነው።»

«አቦ ተይኝ ዲና! ስም የደቻቱ ወንዝ ጎርፍ ነው፤ አንዴ ከወረደ ማን ይመልሰዋል?»

«ደቻቱ ሲወርድ ሰው ይዞ ይሄዳልኮ፣ አባባ።»

ሳቅኩብሽ።

ልጄ መጀመሪያ የአምስት ሰው ጫት ገዛ፤ ቀጥሎ የአሥር። በደንብ ለማያውቀው ሰው ሠርግ ሰንጋ ላከ። መኪና ገዛና ላንቺ «የመሥሪያ ቤት ነው» አለሽ። የልጃችሁን ልደት ሆቴል ደገሰና «ደንበኛዬ ነው የጋበዘን» አለሽ። አመንሽው። ሥጋውን በሳምንት አንዴ መግዛትሽን አልተውሽም።

አሁን ዋናውን ልናዘዝ። እኔ አውቅ ነበር። መኪናውን ሲገዛ አብሬው ነበርኩ። ዝም ያልኩት ፈርቼ አይደለም፤ ደስ ብሎኝ ነው። ዕድሜዬን ሙሉ በቅባት ተለውሼ ባቡር የጠገንኩ ሰው፣ መጋላ ስገባ «የኃይለመለኮት አባት መጣ!» ተብሎ ወፍራሙ ትራስ ሲለቀቅልኝ ጣፈጠኝ። እሱ ትራስ ያንቺ ቤት ግድግዳ ነበር፤ ተደግፌው ቃምኩ።

ወይዘሮ ተሻለች ቀብዱን ልትቀበል የቀጠረችን ቀን አንቺ ለብሰሽ ሳሎን ቆመሻል። እሱ አንድ እግሩን ጫማ አግብቶ፣ ሌላውን ማግባት አቅቶት አልጋው ጫፍ ላይ ቀረ።

«ና እንጂ፣ ባንኩ ይሞላል» አልሽው።

«የለም።»

«ስንት ጎደለ?»

«ዲና፣ ምንም የለም።»

ወደ እኔ ዞርሽ። እኔ ጣሪያውን አየሁ። እኔም እንደማውቅ ያኔ ገባሽ። ጮኸሽ ብትሰድቢኝ ይሻለኝ ነበር፤ የልጅሽን ልብስ ማጠፍ ጀመርሽ።

ትናንት መጋላ ወርጄ ዐብዲፈታሕን «ያን ስም ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ ከዛሬ ጀምሮ ይቅር» አልኩት። ቀና ሳይል «አቦ ገብረወልድ፣ አሁን ማን ሁዳዴ ይለዋል? ጾሙን አስፈትተን በላነውኮ፣ ወላሂ!» አለኝ። ሰዎቹ በሳቅ ወደቁ። ክፋት የለባቸውም። እንዲህ መሳቅን ያስተማርኳቸው እኔ ነኝ።

ወይዘሮ ተሻለች ቤቱን ለሌላ ሰው ሸጣለች፤ ወሩ ሲያልቅ እንለቃለን። መኪናው ቢሸጥም የተበደረውን አይሸፍንም። ደሞዙ ግን እንደ ድሮው ነው፤ እንዲያውም ጨመሩለት። ላጣ ሰው ጎረቤት ያዝንለታል፤ እያገኘ ባዶ ለቀረ ማን ያዝናል? ከሥራ ገብቶ ባዶው መኝታ ቤት ይቀመጣል። እሁድ «አባባ፣ ምነው አትቀልድም?» አለኝ።

ተመለሺ አልልሽም። የምትመለሺበት ቤትም የለም። አንድ ቀን ለራስሽና ለልጅሽ ጣሪያ ብለሽ መቆጠብ ከጀመርሽ፣ የት እንዳስቀመጥሽው ለእሱ አትንገሪው። ለእኔም አትንገሪኝ። ይህን ሁሉ ጽፌም እኔ ያው ነኝ፤ ሰው መሀል ከተቀመጥኩ አፌን አላምነውም።

አማትሽ፣
ገብረወልድ
ድሬዳዋ