አምና ሸተተኝ ያሉት ወጥ

ቢቸና፣ መጋቢት 12 ቀን 1962 ዓ.ም.

አምና በሁዳዴ አማቴ የሽሮ ወጤን ቀምሰው «ቅቤ ቅቤ ሸተተኝ» ብለው ለንስሐ አባታችን ነገሩብኝ። ከሱፍ ውሃ በቀር የገባበት ነገር አልነበረም። ብምል ብገዘት ማን ሰምቶኝ! መቶ ስግደት ሰገድኩ። ጉልበቴ እስከ ዛሬ አልረሳውም።

ዛሬ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ እቤቴ ጎራ አሉ። ያንኑ ሱፍ ወቅጬ፣ በሻሽ አጥልዬ፣ ያንኑ ሽሮ ሠራሁላቸው። ሁለቴ አስጨመሩኝ።

«ምን ብታደርጊበት ነው እንዲህ የጣፈጠው?» አሉኝ።

«አምና የሸተተዎትን ነዋ፣ እማማ!»

የጎረሱት አፋቸው ውስጥ ቀረ። እጃቸውን እንኳ ሳይታጠቡ ወደ ንስሐ አባታችን ገሰገሱ።

ሱፍ መሆኑን እነግራቸዋለሁ፤ ለምን አልነግራቸውም? ለፋሲካ። እስከዚያ ይስገዱ።