በደረት ቁመት የታሰረው ገመድ

ታዴ ሆዴ፣

ከተለየኸኝ ሁለተኛው ክረምት ወጣ። ቤቱ እንደተውከው ነው ብልህ ዋሸሁህ፤ ጣሪያው በጓሮ በኩል ያፈሳል፣ ስኳርም ከቀበሌ ሱቅ ተሰልፈን ነው የምናገኘው። ታናሽ ወንድምህ ካሳሁን ደግሞ ጺም አብቅሎ ሥራ አገኘሁ ይለኛል። የት መሰለህ? አንተ በሞትክበት የድንጋይ ካባ፣ ከየካ ሚካኤል በላይ ካለው ገደል ላይ ድንጋይ ሊፈነቅል። የሚያስገባው ግርማ ነው፤ ያ ባልደረባህ፣ ዛሬ በቦታህ አለቃ የሆነው።

ይህ ሰው ደግነቱ በዛብኝ። በየእሑዱ ሳሙና ይዞ ይመጣል። ሳሙናውን ስቀበል እጁን ነው የማየው።

የካባው ደንብ ገደሉን በገመድ የሚወርደው ሰው ገመዱን ራሱ እንዲያስር ነበር። አንተማ በዚህ ቀልድ አታውቅም። ዛፍ የሚታመነው ከሥሩ ነው እያልክ ገመዱን ከግንዱ ግርጌ ደጋግመህ ትጠመጥማለህ፤ ጫፉን ከኋላው ካለው ዛፍ ታስራለህ፣ አንዱ ቢከዳ ሌላው እንዲይዝ። ጓሮ ወስደህ አስተሳሰሩን ስታሳየኝ እኔው ራሴ ተጠምጥሜበት የሳቅኸው ሳቅ ጎረቤት ተሰማ።

ያን ቀን ጠዋት ግን ቀበሌ ለስብሰባ ጠራህ፤ መቅረት አይቻልም። አርፍደህ ስትደርስ ግርማ አስሮ ጠበቀህ። ጫኝ መኪናው ቆሞ ይጠብቅ ስለነበር አስተሳሰሩን ሳታየው ወረድክ አሉኝ። ያሰረው በአንድ ቀጭን ባህር ዛፍ ላይ፣ በደረት ቁመት ነበር። ዛፉ ከነሥሩ ተገነደሰ።

በለቅሶው ላይ ግርማ ደረቱን እየደቃ፣ አስሬ አላውቅም፣ አላዋቂነቴ ገደለው ብሎ አነባ። ሽማግሌዎቹ ይቅር አሉት። እኔም ይቅር ልለው ፈልጌ ነበር።

ባለፈው እሑድ ግን ፈተንኩት። ከጓሯችን በታች ካለው ገደል ውስጥ ባልዲ ወድቆብናል፣ ካሳሁን እንዲወርድ ገመድ እሰርለት አልኩት። ሆዴ፣ እንዲሳሳት ለሚካኤል ተሳልኩ። ቁጢጥ አለና ገመዱን ከግንዱ ግርጌ ደጋግሞ ጠመጠመ፤ ጫፉን ወደ ኋለኛው ዛፍ ወሰደ። እጁ ምንም አላመነታም። ቀና ሲል ሳየው አየኝና ፊቱን አዞረ።

ከሞትክ ወዲህ ተምሮ ይሆናል ብዬ ራሴን ላታልል ሞከርኩ። ከማን ይማራል? እንዲህ የሚያስረው አንተ ብቻ ነበርክ።

ለማንም አልተናገርኩም፤ ቀበሌው የሱ ነው፣ ሆድ ይፍጀው ብያለሁ። አንተን ግን ዕድሜዬን ሙሉ አልረሳህም፤ እሱንም አልረሳለትም። ካሳሁንንም ሰኞ ጠዋት በር ዘግቼ አስቀረሁት። ተቆጣኝ፤ ይቆጣ። ለግርማ አንተን ሰጥቼዋለሁ፣ ይበቃዋል።

ባለቤትህ