ከየሰዓቱ የተለቃቀመው የአባባ ሰዓት

ይድረስ ለምወድህ ታናሽ ወንድሜ፣

ለጤናህ እንደምን አለህ? ወገብህ ተሻለህ ወይስ አሁንም ስትነሳ ግድግዳ ትይዛለህ? ባለቤትህስ? ልጆቹስ? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ዓይኔም ገና ያነብልኛል፣ ተመስገን።

ወንድሜ፣ ይህን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ቀድጄዋለሁ። የመጀመሪያው ላይ «ግድግዳው ሲታደስ የአባባ ሰዓት ተገኘ» ብዬ ጽፌልህ ነበር። ውሸት ነው። ሰዓቱ ጠፍቶ አያውቅም፤ እኔ ዘንድ ነበር።

ያኔ ፊደል በራሴ ለይቼ ያገኘሁትን ሁሉ የማነብበት ጊዜ ነበር፤ የሳሙና መጠቅለያ እንኳ አይቀረኝም። አባባ ክዳኑ ውስጥ ጽሑፍ አለ ሲል ሰምቼ፣ ምሳ በልቶ ጋደም ባለበት ሰዓቱን በቢላ ጫፍ ከፈትሁት። ብሎኑን ስነካካ ሞላው ተፈናጠረ፤ ማርሾቹ ተበተኑ። ደንግጬ የተበተነውን ሽንት ቤት ጣልሁ፤ ቀፎውን በጨርቅ ጠቅልዬ ደበቅሁ። ጆሮዬ ላይ ካላደረግሁት እያልህ አባባን የምታስቸግረው አንተ ስለነበርህ ሁሉም ወደ አንተ ዞረ። ስትገረፍ በር ላይ ቆሜ አይቻለሁ። እውነቱ አፌ ላይ ደርሶ ነበር፤ ዋጥሁት። «ባለ ሰዓቱ» የሚለው ስም ከዚያ ቀን ጀምሮ ተለጠፈብህ። አንድ ቀን ተናድጄ እኔም ጠርቼሃለሁ በዚያ ስም።

ባለቤቴ ካረፈ በኋላ ጓዝ ሳገላብጥ ቀፎው ወጣ። ገበያው ዳር ላለው ሰዓት ሠሪ ወሰድሁት። ከሞቱ ሰዓቶች ሣጥን ማሽኑን ከአንዱ፣ ቆጣሪዎቹን ከሌላው፣ መስታወቱን ከሦስተኛው ለቃቅሞ ገጠመው። ማሽኑ የሴት ሰዓት ስለሆነ ቀፎው ሰፋበት፤ ዙሪያውን በስስ ቆርቆሮ ደገፈው። «እናቴ፣ ይሄ ሰዓት ሳይሆን ማኅበር ነው» ብሎ አሳቀኝ። ክዳኑ ውስጥ ያለውንም በማጉያ አሳየኝ፤ የቀድሞ ጠጋኝ በመርፌ የጫረው ቀን ነው፣ ሌላ ምንም የለም።

ከዚያ «የድሮውን ሆድ ዕቃ ማን በላው?» ብሎ ጠየቀኝ። ምን ብዬ እንደመለስሁለት ልንገርህ? «ታናሽ ወንድሜ በልጅነቱ አበላሽቶት ነው» አልሁት። ማንም ሳይመታኝ፣ ማንም ሳያስፈራራኝ፣ በዚህ ሽበቴ። ምላሴ ለምዶታል ለካ። ሰውየውም «ወንድ ልጅ መቼ እጁ ያርፋል» ብሎ ሳቀብህ። ቤቴ ገብቼ ጫማዬን ሳላወልቅ ብዙ ተቀመጥሁ።

በማግስቱ ተመልሼ እውነቱን ነገርሁት። ከእሱ ዘንድ በቀጥታ አጎታችን ቤት ሄድሁ፤ እስከ ዛሬ «ባለ ሰዓቱ» እያለ የሚያነሳህ እሱ ነውና። ሁሉንም ነገርሁት። «አባትሽ እኮ ልጁን እንደተቀየመ ነው የሞተ» አለኝ።

ሰዓቱ ይሠራል፤ በቀን አሥር ደቂቃ ያህል ወደ ኋላ ይቀራል። የአባባ የሆነው ቀፎውና ክዳኑ ብቻ ነው። ትፈልገው እንደሆነ እልክልሃለሁ፤ አልፈልግም ብትልም እውነትህን ነው። ይቅር በለኝ ለማለት እንኳ አፍራለሁ።

ባለቤትህን በጣም አድርገህ ሳምልኝ። ትንሹን ልጅህን ግንባሩን ሳምልኝ፤ አማትህንም ጉልበታቸውን። ይህን ደብዳቤ ግን አንተ አታንብብላቸው። ለትልቋ ልጅህ ስጣትና ጮክ ብላ ታንብበው። አንተ ካነበብኸው ለእኔ ስትል ታለሳልሰዋለህ።

የበደለችህ እህትህ
ከጓዳው መስኮት ሥር፣ ሰኔ 12 ቀን