ያለ ዶቃ የታሰረው ክር

ማክሰኞ፣ ግንቦት 3

ይህን መጻፍ ይከብደኛል... ዛሬ የአክስቴን ልጅ መጉዳት አማረኝ።

ዩኩሌሌዋን፣ ያቺን ትንሽ ጊታር፣ ቤት ረስታ ስለሄደች ትምህርት ቤቷ ድረስ ወሰድኩላት። በሩ ላይ ከጓደኞቿ ጋር ቆማለች። አንዷ «ማናት?» አለቻት። «ቤታችን የምትሠራ ልጅ ናት።» እኔ እየሰማሁ! እናቷ የአባቴ እህት ናት እኮ። አባቴ ሲሞት «ከእንግዲህ ልጄ ነሽ» ብላ ያመጣችኝ... እርግጥ ነው፣ ሳህን አጥባለሁ፣ ወለል እወለውላለሁ። ግን ሠራተኛ ነኝ?

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ እኔ ያልኩት ነው። «ሌላ የምትፈልጊው አለ?» አልኳት። ምላሴ በተቆረጠ!

ረቡዕ፣ ግንቦት 4

እንቅልፍ እምቢ አለኝ። እሷ አጠገቤ ታንኮራፋለች።

ዓርብ፣ ግንቦት 6

«የኔ ማር፣ እሁድ መድረክ ላይ ነኝ። የዩኩሌሌዬን ክሮች ቀይሪልኝ፣ ካንቺ ሌላ ማንንም አላምንም።» ዛሬ ደግሞ ማር ሆንኩ!

እዚህ ቤት ይህን የምችለው እኔ ብቻ ነኝ። ክሩን ፊቱ ላይ ባለችው ትንሽ ቀዳዳ ወደ ሆዱ አስገባና ጫፉን በመሀሉ ባለው ትልቅ ክብ አወጣዋለሁ። ጫፉ ላይ ዶቃ ሰክቼ እቋጥራለሁ። መልሼ ስስበው ዶቃው ከውስጥ ሄዶ ቀዳዳዋ ላይ ልትም ይላል። ከቀዳዳዋ ስለሚሰፋ ክሩ አያመልጥም። ያለ ዶቃ ግን... ናይለን ነው፣ ያሟልጫል። ትንሽ ይቆይና እልም!

ሦስቱን በዶቃ አሰርኩ። አራተኛውን በባዶ ቋጠሮ። ከውጭ ለሚያየው ምንም ልዩነት የለውም።

ጉንጬን ሳመችኝ። «አንቺ ባትኖሪ ምን ይውጠኝ ነበር?»

እሁድ ታዪዋለሽ።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 7

ጠዋት ስትለማመድ ጆሮዬን ጥዬ ነበር። ክሩ እስካሁን ይዟል።

ሳህን እያጠብኩ እሁድን በሐሳቤ አየሁት። ክሩ ሲያፈተልክ፣ ፊቷ ሲቀላ... ደስ አለኝ። ከዚያስ? ሰው ሁሉ «አይዞሽ!» ይላታል፣ ያጨበጭብላታል። እሷም «ምን ላድርግ፣ ያሰረችው ቤታችን የምትሠራዋ ልጅ ናት» ትላለች። ይስቃሉ። ታዲያ ማን ተጎዳ? እኔው!

የለም። እንዲህ በቀላሉ አታመልጠኝም።

ገላዋን ልትታጠብ ስትገባ ክሩን ፈታሁና ዶቃውን ሰካሁለት። ደርቤ ቋጠርኩ። ጣቴ እስኪቀላ ጎትቼ መልሼ ቃኘሁት። አሁን በሬም አይነቅለው። አሳምራ ትጫወት፣ የምታሳብብበት ነገር አይኑራት።

አክስቴ «ነገ እንግዶች አሉ፣ አንቺ ቤት ሆነሽ ምሳ አድርሺ» ብላኛለች። እሺ አልኩ። ምሳው በጠዋት ይደርሳል። ከዚያ ደህናውን ቀሚሴን ለብሼ እሄዳለሁ። የፊት ወንበር ላይ ነው የምቀመጠው። ሰው ፊት ድምፄ አይወጣም፣ አውቃለሁ... ነገ ግን ይወጣል! ጭብጨባው ሲያበቃ፣ ጓደኞቿ ሲከቧት፣ መሀላቸው ገብቼ ጥምጥም እልባታለሁ። ጮክ ብዬ «ጎበዝ፣ የአክስቴ ልጅ!» እላታለሁ። ማን እንደሆንኩ በገዛ አፏ እስክትነግራቸው ድረስ አልለቃትም።