የእማማ ስዊ ዚንግ ሁለተኛ ጣሳ

እማማ ስዊ ዚንግ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1957 ዓ.ም. በቺን ኮረብታዎች፣ በዛቱዋል መንደር፣ ከአባታቸው ከአቶ ቫን ኩንግ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ንጉን ቴር ተወለዱ። ለቤቱ የመጀመሪያ ልጅ ነበሩ። የመጀመሪያ ሴት ልጅ መሆን በመንደራችን ምን ማለት እንደሆነ እዚህ ለተቀመጠው ሕዝብ ማስረዳት አያስፈልግም። ታናናሾቻቸውን በጀርባቸው አዝለው አደጉ፤ ይህን የሕይወት ታሪክ ያዘጋጀው ወንድማቸውም ከታዘሉት አንዱ ነው።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ በመንደሩ ትምህርት ቤት እስከ አራተኛ ክፍል ተማሩ። ጎበዝ ነበሩ። አምስተኛ ክፍል የሚገኘው ከተማ ስለነበረ፣ አያታቸውም በዚያው ሰሞን አልጋ ስለያዙ፣ «ሴትዮዋ እስኪሻላቸው» ተብለው ቀሩ። አያታቸው ከዚያ በኋላ እጅግ ረጅም ዕድሜ ኖሩ።

በ1978 ዓ.ም. ከአቶ ታውንግ ሬ ጋር በመንደራችን ቤተ ክርስቲያን ጋብቻቸውን ፈጽመው አንድ ወንድና አንዲት ሴት ልጅ አፈሩ። አቶ ታውንግ ሬ ዝምተኛና ደግ ሰው ነበሩ። በ1991 ዓ.ም. በወባ አረፉ። ባሏ የሞተባት ሴት ጊዜ ይተርፋታል ተብሎ ታስቦ ይሆናል፣ ገና ሐዘኑ ሳይወጣ ጉባኤው እማማ ስዊ ዚንግን የእፍኝ ሰብሳቢ አድርጎ በሙሉ ድምፅ መረጣቸው። ድምፅ ያልሰጡት እርሳቸው ብቻ ነበሩ፤ ጓዳ ሆነው ለጉባኤው ሻይ ያፈሉ ነበር።

እንደሚታወቀው የመንደራችን ሴት ሩዝ ወደ ድስት ከመጨመሯ በፊት አንድ እፍኝ ለእግዚአብሔር አንሥታ ምድጃው አጠገብ ባለው ጣሳ ታስቀምጣለች። ቅዳሜ ቅዳሜ ያንን ከየቤቱ የሚሰበስብ ሰው ያስፈልጋል። እማማ ስዊ ዚንግ ቅርጫቱን በጀርባቸው አዝለው፣ ማንገቻውን በግንባራቸው ደግፈው፣ ዳገቱን ሲወጡና ሲወርዱ ኖሩ። ሩዙ አልከበዳቸውም። የከበደው «ከመጡማ አይቀር» የሚባለው ነገር ነው።

«እማማ፣ ከመጡማ አይቀር እናቴን አንዴ ቢያገላብጡልኝ።»

«ከመጡማ አይቀር ይቺን አሳማ ቢያዩልኝ፤ መብላት እምቢ አለች።»

«ከመጡማ አይቀር ባሌን ቢመክሩልኝ፤ የእኔን አይሰማም።»

ሩዙን ሊወስዱ ገብተው ጉልበታቸውን ትተው ይወጡ ነበር። ቅዳሜው ወደ እሑድ ፈሰሰ፣ እሑዱ ወደ ሳምንቱ ሁሉ። በዚህ ሁሉ ውስጥ ክፉ ሰው አልነበረም። ቤተሰቡ ይህን በግልጽ ይመሰክራል፤ ማንም ክፉ ሳይሆን ነው የሆነው።

በ2008 ዓ.ም. በዝናቡ ወራት በቤተ ክርስቲያኑ ዳገት ላይ ራሳቸውን ስተው ወደቁ። ቅርጫቱ ተደፋ። በቦታው የነበሩ ምእመናን እየጮኹ ሮጠው ደረሱ። ሩዙ የእግዚአብሔር ነውና፣ ጭቃው እንዳያበላሸው መጀመሪያ ሩዙ ተለቀመ። ቀጥሎ እማማ ስዊ ዚንግ ተነሡ። ስለ ለቀማው ጥራት ጉባኤው ሊመሰገን ይገባል።

የከተማው ሐኪም መርምሯቸው ልባቸው ደክሟልና ይረፉ አለ። «ማረፍ ስል መሞት ማለቴ አይደለም» ብሎም አከለበት። ከመንደራችን ብዙ ሰው አክሞ ያውቃል።

ከዚያ ወዲህ ነው ምድጃቸው አጠገብ ሁለተኛው ጣሳ የታየው። እማማ ስዊ ዚንግ አንድ እፍኝ ለእግዚአብሔር፣ አንድ እፍኝ ለራሳቸው ማንሣት ጀመሩ። የራሳቸውን ሐሙስ ቀን ይቀቅሉታል፣ ከሥጋ ጋር ይበሉታል፣ እስኪመሽ ይተኛሉ። በሩን ዘግተው የመሰብሰቢያውን ቅርጫት ደፍተው ደጃፉ ላይ ያስቀምጡታል። የእግዚአብሔርን ቅርጫት ተራምዶ የሚገባ እንደማይኖር ያውቁ ነበር። ማንኳኳቱን ግን ቅርጫቱ አልከለከለም።

«እማማ! ደህና አይደሉም እንዴ?»

«ደህና ነኝ! ለዚህ ነው የማልከፍተው!»

የሴቶች ማኅበር ሊቀ መንበሯ ወይዘሮ ትያል ሌን በጣም አዘኑ። አብሮ አደጋቸው ናቸውና የልባቸውን በመስኮት ተናገሯቸው፦ «አንቺ ሴትዮ፣ በስተርጅና እንቅልፍ ለመድሽ? ሰው ምን ይላል?»

«ተኝታለች ይላላ። እውነቱን ነው።»

ነገሩ ለሽማግሌዎች ደረሰ። ሽማግሌ ኪዮ ታንግ በጉባኤው ፊት አቁመው ጠየቋቸው።

«እማማ ስዊ ዚንግ፣ ሁለተኛው ጣሳ የማን ነው?»

«የኔ።»

«ክርስቲያን ራሱን ይክዳል እንጂ ለራሱ ያከማቻል?»

«እርስዎ ትናንት እራትዎን በልተዋል?»

«እሱ ሌላ ጉዳይ ነው።»

«ማን አቀረበልዎ?»

ከወደ ሴቶቹ በኩል ሳል የሚመስል ሳቅ ተሰማ። እማማ ስዊ ዚንግ ቀጠሉ፦ «ኤልያስ ደክሞት ልሙት ብሎ ዛፍ ሥር ሲተኛ መልአኩ መጥቶ ምን አለው? ተነሥና ብላ ነው ያለው። በላ፣ ተመልሶ ተኛ። መልአኩ እንደገና ቀስቅሶ አበላው። እኔ እስካሁን የጎደለኝ መልአኩ ነው፤ ምግቡን ራሴ እየቀቀልኩ ነው።»

ሽማግሌዎቹ ተመካክረው ከሰብሳቢነት አነሷቸው። ቅርጫቱ ለሌላ ሰው ይሰጥ ሲባል ግን በመንደሩ ወገቡ የማያመው ሰው ጠፋ። ጣሳዎቹ ሞልተው አይጥ መጣ። በመጨረሻም ሽማግሌ ኪዮ ታንግ ራሳቸው ቅርጫቱን ይዘው በእማማ ስዊ ዚንግ ደጃፍ ቆሙ። ቀኑ ሐሙስ ነበረና እስኪመሽ ጠበቁ።

እማማ ስዊ ዚንግ ቅርጫቱን ተቀበሉ። ይህን የምንጽፈው ራስ ወዳድ ነበሩ የሚል ሐሜት ዛሬም በዚህ ድንኳን ስለሚሰማ ነው። እስከ መጨረሻው ቅዳሜ አንድም ቤት አልዘለሉም፤ የእግዚአብሔር ጣሳቸውም ጎድሎ አያውቅም። ሐሙስን እየተኙ፣ ሐኪሙ ከሰጣቸው ዕድሜ በላይ ኖረው፣ ስንቱን በሽተኛ አገላብጠው ስንቱን ገነዙ። ካረፈ እጅ እርዳታ ተቀበላችሁ፤ ዕረፍቱን ግን አማችሁ።

ባለፈው ወር ሕመማቸው ጠናና አልጋ ያዙ። ጉባኤው በየቀኑ እየመጣ ዘመረላቸው። ልጃቸው ዳውት ፓር የሚዘምረውን ሁሉ ሻይ ስታጠጣ፣ በቆሎ ንፍሮ ስታቀርብ፣ ስኒ ስታጥብ እናቷ ከአልጋ ሆነው በዓይናቸው ይከተሏት ነበር። በዚህ መሀል ወይዘሮ ትያል ሌን ጎንበስ ብለው፦ «አይዞሽ፣ አታስቢ፤ ቅርጫቱን ለዳውት ፓር ሰጥተናታል» አሏቸው።

«እሷን ጠየቃችኋት?»

«ምኑ ይጠየቃል? ያንቺ ልጅ አይደለች!»

እንግዳው ሲወጣ እማማ ስዊ ዚንግ ልጃቸውንና ወንድማቸውን ጠርተው ስለ ቀብራቸው አንድ ነገር ብቻ አዘዙ፦ «ስሞት እዚህ ቤት እሳት አይነድም። ዳውት ፓር ትቀመጥ። እናቷ የሞተባት እሷ ናት።»

እማማ ስዊ ዚንግ በ2016 ዓ.ም. ኅዳር ወር፣ ማክሰኞ ማለዳ፣ በተወለዱ በሃምሳ ዘጠኝ ዓመታቸው አረፉ። ከኋላቸው በማሌዥያ በሥራ ላይ የሚገኘውን ልጃቸውን፣ እዚህ ከፊታችሁ የተቀመጠችውን ልጃቸውን ዳውት ፓርን፣ እንዲሁም አዝለው ያሳደጓቸውን ወንድሞችና እኅቶች ትተዋል።

ቤተሰቡ ከቀብር በኋላ ያዘጋጀው ምግብ የለም። አሳማ አልታረደም፣ ሻይም አልተጣደም። ወደየቤታችሁ ግቡ፣ ብሉ፣ ጋደም በሉ። የሚያነሣው ካለ የጉባኤው ቅርጫት ሽማግሌ ኪዮ ታንግ ደጃፍ ይገኛል፤ ዳውት ፓር አልወሰደችውም። ከእናቷ የወረሰችው ሁለተኛውን ጣሳ ነው፤ ግማሽ ድረስ ሩዝ አለው፤ ስንመለስ ወንድማቸው ይቀቅልላታል። ዛሬ ሐሙስ ነው።

ኤልያስን ሁለት ጊዜ ያበላ፣ ሁለት ጊዜም ያስተኛ አምላክ የእማማ ስዊ ዚንግን ነፍስ በእቅፉ ያሳርፍ። የሰማዩን በር ከኋላቸው ይዝጋላቸው፤ ማንም አያንኳኳባቸው። አሜን።